የግራ እጅ ጓንት

አል-ኻርጅ፣ በነሐሴ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ጉም ይረጩላታል ላሟን እንዳይሞቃት።
ቁጥሯ በጆሮዋ፣ ሦስት ሺህ አሥራ አራት፣
ስም የላትም እዚህ፤ እኔ ነኝ በሆዴ «ቦራ» ብዬ የምጠራት።
ሞታሌብ ጡት ያጥባል፣ እኔ ቱቦ እሰካለሁ፣
ነጩ ወንዝ በመስተዋት ቧንቧ ሲሮጥ አያለሁ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»
ይል ነበር ያገሬ ሰው፣ ሲቀልድ በራሱ ላይ።
ተረቱ ባሕር ሲሻገር ተገለበጠብኝ፦
ላሟም ምድር ላይ ናት፣
ወተቷም ሞልቷል፤
ውኃዋ ነው የጠፋኝ።

ዓርብ ከሶላት መልስ አቡ ሙጥሊቅ መጣ፣
በሩ በሽቦ በታሰረ ፒካፑ ይዞኝ ወጣ።
ቴምር አለው ከአጥሩ ማዶ፣ ግማሹ የደረቀ፣
ግማሹን በቦቴ የሚያጠጣው፣ ውኃው ስለራቀ።
ወሰደኝ ወደ ድልዕ፣ ወደ ጉድጓዱ አፋፍ።
ምንጩን «ዐይን» ይሉታል እነሱም እንደኛ፣
ይህን ስነግረው ሳቀ፣ «እንግዲያማ ዘመድ ነን እኛ!»
ከዚያ ጫማውን ጠርዙ ላይ አድርጎ፣
«ውኃው እስከዚህ ነበር» አለኝ፣
«ልጆች ሆነን ዘለን የምንገባበት።
አሁን ድንጋይ ጣልና ጆሮህን ስጥ እስቲ።»
ጣልኩ።
ቆየሁ።
ደረቅ ነገር መታ።
ከታች የርግብ ክንፍ ብቻ ተርገፈገፈ።
ዐይኑ ጠፍቷል።

«ምን ትበሉ ነበር ያኔ?»
«ቴምር፤ የግመል ወተት በእንጨት ገበታ፤
ሥጋ ለዒድ፣ ለሠርግ፣ እንግዳ ሲመጣ ማታ።
የልጅ ልጆቼ ዛሬ ሲርባቸው ስልክ ይነካሉ፤
ሞተር ሳይክል ያደርሳል፣ ሥጋ በሥጋ ላይ፣ አይብ ባይብ ላይ፣
ግማሹን ይጥላሉ።»
ጥቂት ዝም አለና፣
«እኔም እበላለሁ» አለ፣ «አልዋሽህም፣ ይጣፍጣል።»

ሣር መዝራት ቀርቷል እኛ ዘንድ፤ ጉድጓዱ ስለጠለቀ፣
ሣሩ በመርከብ ይመጣል ውቅያኖስ እየሰነጠቀ፣
ከሌላ በረሃ፣ ከሌላ ሰው ጉድጓድ፣
የማላውቀው ወንዝ ደርቆ፣ ተጨምቆ፣ በሲባጎ ታስሮ።
ደረሰኙ ላይ ክብደቱ አለ፤
ውኃው አልተጻፈም።

ባለፈው ሰኞ አንዱን እስር ስፈታው፣
ከመሀሉ ጓንት ወደቀ፣ የግራ እጅ፣
አውራ ጣቱ በቀይ ክር የተጣፈ።
የማን ይሆን? የት አገር?
ማሽኑን ሲያጸዳ አውልቆት ይሆናል፣
ሲፈልገው መሽቶበት ይሆናል፣
ወይ ዋጋውን ከደሞዙ ቆርጠውበት።
አጠለቅሁት። ልክ ሆነኝ።
ሞታሌብ ሳቀብኝ፤ «ቀኙን ደግሞ ለከርሞ ይልኩልሃል!»

ማታ ልጄ ደወለ ከኮምቦልቻ፣
ጉንጩ ላይ ቢጫ አይብ፣ ከፊት አንድ ጥርስ ጎድሎ።
«አባ፣ በላክኸው ብር በርገር በላሁ!»
ደስ አለኝ። ወላሂ ደስ አለኝ።
እኔ በሱ ዕድሜ ወተት የማውቀው
የጎረቤት ላም ስትወልድ ነው፣
እንገር ሲታደል፣ በስኒ።
«ጣፈጠህ?» አልኩት።
«በጣም!»
ስለ ጉድጓዱ ልነግረው አፌን ከፈትኩና
ስለ ፈተናው ጠየቅሁት።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጉሙ ተለቀቀ።
ቦራ ቆማለች በተራዋ፣
የሰው አገር ወንዝ እያመነዠከች።
ግራ እጄ ላይ የማላውቀው ሰው ጓንት፣
ቀኝ እጄ ባዶ፣
ጡቷን ስነካት ዞር ብላ ታየኛለች
በዚያ በትልቁ፣
ገና ባልደረቀው ዐይኗ።